የ2000 ዶላር ምናኔ

በዋልድባና በደብረ ሊባኖስ ዓለምን ንቀው የመነኑ አባቶች ድኽነትን የመረጡት በገዛ ፈቃዳቸው ስለ ነበረ፣ ከለበሱት ልብስ በቀር ምን እንዳላቸው የሚመረምር መዝገብ ቤት አልነበረባቸውም፤ ሥርዓትንና ፎርምን አብዝቶ የሚወደው የአሜሪካ መንግሥት ግን እንዲህ ያለው ታላቅ ትሩፋት ለሰው ፈቃድ ብቻ ሊተው አይገባም ብሎ፣ በሕመም ወይም በአካል ጉዳት ምክንያት ሠርተው ማደር ለተሳናቸው ድኾች ምናኔን በሕግ ደነገገላቸው። የእነዚህ መናንያን ማኅበር ኤስኤስአይ የተባለው የድኾች መርጃ አበል ነው። የወለደው ፕሬዚዳንት ኒክሰን በ1972 እ.ኤ.አ. የፈረሙት ሕግ ነው፤ አበሉም ከጃንዋሪ 1974 ጀምሮ ይከፈላል፤ አበምኔቱ ደግሞ ሶሻል ሴኩሪቲ የተባለው መሥሪያ ቤት ነው።

ቀኖናው ለመረዳት አያስቸግርም። ነጠላ የሆነ ተረጂ በባንክም ሆነ በፍራሹ ሥር ከ2000 ዶላር፣ ባልና ሚስት የሆኑም እንደ ሆነ ከ3000 ዶላር የበለጠ ቢገኝባቸው፣ ዓለማዊ ፍትወት እንዳደረባቸው ተቈጥሮ አበላቸው ይቋረጣል። ይህ ወሰን ከ1989 ጀምሮ አልተነቃነቀም፤ የቤት ኪራዩና የዳቦው ዋጋ በየዓመቱ ወደ ላይ ሲያርግ እርሱ ግን እንደ ሃይማኖት አንቀጽ ጸንቶ ይኖራል። መንግሥቱ ርኅራኄ የለውም የሚል ወቃሽ ቢነሣ፣ ለቀብር ተብሎ ለብቻው የተቀመጠ እስከ 1500 ዶላር የሚደርስ ገንዘብ ከሀብት እንደማይቈጠር፣ የመቃብር ቦታም ቢገዙ እንደማይጠየቁበት ይወቅ። ስለዚህ ለጥርሱ ማሳከሚያ ያጠራቀመ ሰው እንደ ገንዘብ ወዳድ ሲሰናበት፣ ለሬሳ ሣጥኑ ያጠራቀመው ግን እንደ ልባም ይመሰገናል። በዕድር ላደግን ለእኛ ይህን ጥበብ ማድነቅ አያቅተንም።

ስለ ጋብቻም ቢሆን ሕጉ የቅዱስ ጳውሎስን ምክር በገንዘብ ደግፎታል። በ2025 ለአንድ ሰው የተወሰነው ከፍተኛው የፌዴራል አበል በወር 967 ዶላር ሲሆን፣ ለባልና ሚስት የተወሰነው 1450 ነበረ፤ እንግዲህ በዚያ ዓመት ሁለት ተረጂዎች ተፋቅረው ቢጋቡ በየወሩ 484 ዶላር የሠርጋቸው ስጦታ ይሆን ዘንድ ለመንግሥት ይተዉ ነበር ማለት ነው። ቃል ኪዳን ሳይፈጽሙ ባልና ሚስት ነን እያሉ አብረው ቢኖሩም አያመልጡም፤ መሥሪያ ቤቱ ያለ ካህን ያጋባቸዋል።

እጅግ የረቀቀው ግን የእንጀራው ምርመራ ነበረ። በአሜሪካ፣ በሲልቨር ስፕሪንግ ወይም በአሌክሳንድርያ፣ ወንድሙ ቤት ተጠግቶ የሚኖር፣ ለሚበላውና ለሚተኛበትም ድርሻውን የማይከፍል አካል ጉዳተኛ አበሉ በሢሶ ይቀነስበት ዘንድ ተደንግጎ ስለ ነበር፣ መርማሪው ምግቡን የሚገዛው ማን እንደ ሆነ፣ ተረጂው የሚበላው ለብቻው ይሁን ከቤተ ሰቡ ጋር መጠየቅ ግዴታው ነበረ። ባንድ መሶብ ዙሪያ ተቀምጦ፣ ከምራቱ እጅ ጉርሻ ተቀብሎ ያደረ ሽማግሌ ይህን ጥያቄ በአስተርጓሚ ሲሰማ ምን ይመልስ? የምራቱ ጉርሻ ገቢ፣ እምቢ ማለቱ ነውር! አበሉ ከተጀመረ 50 ዓመት ከሞላው በኋላ ግን፣ ከሴፕቴምበር 30 ቀን 2024 ወዲህ፣ ምግብ ከሒሳቡ ወጥቷል፤ አሁን የሚቈጠረው መጠለያው ብቻ ስለ ሆነ፣ ወንድም ወንድሙን ያለ ሥጋት ሊያጐርሰው ይችላል፤ ማሳደሩን ግን ያስብበት።

ሠርቶ ከደመወዙ ግብር ሲከፍል ለኖረው የተመደበው ሌላው አበል፣ ኤስኤስዲአይ፣ የሀብት ወሰን የለበትም፤ በዚያ ፈንታ ትዕግሥትን ያስተምራል። አካል ጉዳተኛነቱ ከጀመረበት ጊዜ አንሥቶ በአብዛኛው 5 ሙሉ ወር ያለ አበል ይቈያል፤ ከዚያም ሜዲኬር የተባለውን የሕክምና ዋስትና ለማግኘት 24 ወር ይጠብቃል፤ ሕመሙም አብሮ ይጠብቃል ተብሎ ይታመናል።

ወደ ማኅበሩ መግባት ግን እንዲህ ቀላል አይምሰላችሁ። ሕጉ የሚቀበለው ሕመሙ ቢያንስ 12 ወር የሚዘልቅበትን ወይም ለሞት የሚያበቃውን ሰው ነው። አመልካቹ ከእንቅልፉ ከነቃበት ሰዓት እስኪተኛ ምን ሲሠራ እንደሚውል፣ ምግብ ያበስል እንደ ሆነ፣ እንስሳ ይመግብ እንደ ሆነ በዝርዝር ይጽፋል። ፎርሙን አሳምሮ የሞላ እንደ ሆነ፣ ይህን ያህል የጻፈ ሰው ሥራ አያቅተውም ሊባል ነው፤ ያልሞላው ደግሞ ባለመተባበሩ ይሰናበታል። የእኛ እናቶች ከዚህ ሁሉ በላይ የሚጎዳቸው ጨዋነታቸው ነው። ወገባቸውን ይዘው፣ ግድግዳ ተደግፈው ከሐኪሙ ክፍል የገቡ እናት «እማማ፣ እንዴት ነዎት?» ሲባሉ «ደኅና፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ይላሉ፤ አስተርጓሚውም ቃላቸውን ሳያጓድል ይተረጕማል፤ ሐኪሙም «ደኅና ነኝ ብለዋል» ብሎ ይመዘግባል፤ ከወራት በኋላም ምስጋናቸው በራሳቸው ላይ ምስክር ሆኖ ይቀርባል።

የቀድሞ ሥራውን መሥራት አለመቻሉን ያስረዳ ሰው ደግሞ ገና አልዳነም፤ ሌላ ሥራ ይፈለግለታል። የሚፈለግለትም መንግሥቱ ለመጨረሻ ጊዜ በ1991 ባሳተመው የሥራዎች መዝገብ ውስጥ ሲሆን፣ ለውዝ መለየትና የእንጨት ችንካር መመርመር የሚባሉ ሙያዎች የብዙ ሕመምተኛ ተስፋ ሆነው ኖረዋል። ሕጉ የሚጠይቀው ሥራው በአገሪቱ በብዛት መኖሩን ነው፤ አመልካቹ በሚኖርበት ከተማ ባይገኝም፣ ክፍት ቦታ ባይኖርም፣ ቢያመለክት የሚቀጥረው ባይኖርም ግድ የለውም። በ2024 መሥሪያ ቤቱ ራሱ ነቅቶ፣ በጣም ጥቂት ሆነው ከተገኙት መካከል 114 ሙያዎች ከእንግዲህ ለመከልከያ እንዳይጠቀሱ አዘዘ፤ በእነርሱ ምክንያት እስከዚያ ቀን ለተሰናበቱት ግን ጸሎተ ፍትሐት አልተደረገም። እንግሊዝኛ አለመቻልም በዕድሜ ለገፋ ሰው ይቈጠርለት የነበረው በ2020 ተሰርዟል፤ ለውዝ የሚለይ ሰው ከማን ጋር ሊነጋገር ነው!

በስደተኛነት ለገባ ሰው ደግሞ፣ ዜግነት ካላገኘ፣ የኤስኤስአይ ጊዜው በአብዛኛው 7 ዓመት ነው። ከዚያ በኋላ ሽባው ይራመዳል፣ ዕውሩም ያያል ተብሎ ሳይታሰብ አልቀረም።

እናቱ ወይም አባቱ የእምቢታ ደብዳቤ የደረሳቸው አንባቢ እንግዲህ ይህን ሁሉ ምስጋናዬን ትቶ በደብዳቤው ላይ ያለውን ቀን ይመልከት። ደብዳቤው ከደረሰ በኋላ ለይግባኝ የተሰጠው 60 ቀን ነው፤ መጀመሪያ ሲጠየቅ የሚከለከለው ከሚፈቀድለት ይበልጣልና እምቢታውን እንደ ፍጻሜ አይቍጠረው፤ ይግባኝ ማለትን ትቶ እንደገና ከመጀመሪያው አያመልክት፤ አስተርጓሚ መሥሪያ ቤቱ በነጻ ማቅረብ አለበትና ይጠይቅ። ወላጆቹንም ወደ ሐኪም ሲወስዳቸው፣ እግዚአብሔርን ካመሰገኑ በኋላ የሚያማቸውን ሁሉ አንድ በአንድ እንዲናገሩ አስቀድሞ ይምከራቸው።