እርጎም በሐኪም ታዘዘ!

ዘመን ከፋ! እኛ የሀቢቾ ሰዎች፣ ከጥጃ ጋር እየተጋፋን ያደግነው፣ እርጎ ለጤና እንደሚበጅ እንነገር? በሀዲያ ምድር ከብቱ መቶ የሞላለት ሰው ተደግሶለት የማዕረግ ስም ያገኝ ነበር። ያኔ እርጎ ምግብ ነበር። ዛሬ «ፕሮባዮቲክ» ሆነ አሉ።

የልጅ ልጄ ከአዲስ አበባ ሲመጣ አንዲት የፕላስቲክ ስኒ ይዞልኝ መጣ። «አባባ፣ ለሆድዎ ነው፤ ሕይወት ያላቸው ባክቴሪያዎች አሉበት» አለኝ። ክዳኗ ላይ እንጆሪ ተሥሏል። ብቀምሳት ስኳር! እዚያው ማጀት ውስጥ አያቱ የወይራ ፍልጥ ለኩሳ ቅሏን ጭሱ ላይ ደፍታለች፤ እሱ ግን ጭሱ ዓይኔን አቃጠለኝ ብሎ ወጣ።

እርጎ ለጤና ነው የሚለውን ነገር ማን አመጣው ብል፣ ሜችኒኮፍ የሚባል ሩሲያዊ ነው አለኝ። ፓሪስ ተቀምጦ የቡልጋሪያ ገበሬዎችን ዕድሜ ያረዘመው እርጎ ነው ብሎ ጻፈ፤ በ1908 እ.ኤ.አ. ደግሞ ኖቤል ተሸለመ። ሽልማቱ ሰውነት በሽታን እንዴት እንደሚከላከል ላጠናበት ነው እንጂ ለእርጎው አይደለም ቢለኝም ቅናቴ አልበረደልኝም። ስለ ቡልጋሪያ ከሚጽፍ ስለ ሀቢቾ ቢጽፍ ምን ነበረበት?

እህቱ የባሰች ናት፤ ዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ ጤና ትማራለች። «ወተት ሆዱን የሚነፋው ሰው እርጎ ይሻለዋል፤ ባክቴሪያዎቹ የወተቱን ስኳር ቀድመው ይቀንሱለታል» ስትለኝ ጎሽ አልኳት። ምነው እዚያ ላይ በበቃት! «ያልፈላ ወተት ግን ብሩሴሎሲስና የከብት ሳንባ ነቀርሳ ያስተላልፋል፤ ቢኮመጥጥም ላይጠፉ ይችላሉ። አፍልታችሁ፣ ለብ ሲል ከፈላ ወተት ከረጋ እርጎ እርሾ ጨምሩበት» ብላ አያቷን በገዛ ማጀቷ አስተማረቻት። ባለቤቴ እያጉረመረመች ብረት ድስቱን ጣደች። እርጎው ረጋ። ያውም ጥሩ አድርጎ!

የልጅ ልጄን ይፈውሳል ወይ ስላት ደግሞ ቆጠብ አለች። አንዳንዱ ዓይነት ባክቴሪያ ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት የሚያስከትለውን ተቅማጥ ይቀንሳል አለች፤ ሁሉን ይፈውሳል የሚለው የነጋዴ ወሬ ነው። የአውሮፓ የምግብ ደህንነት ባለሥልጣን እንኳ ከቀረበለት እንዲህ ያለ ወሬ አብዛኛውን «ማስረጃው አላጠገበኝም» ብሎ መልሶታል።

ቆጮም ተብላልቶ ነው የሚደርሰው፤ ነገ እሱን በስኒ አሽገው ያመጡልኛል። እንግዲህ አዋጅ አውጥቻለሁ፦ ለጤናዬ ብሎ እርጎ የሚጠጣ ደጄን አይርገጥ፤ ጣፍጦኝ ነው የሚል ግን ቅል አጥቦ ይቅረብ።