ስም አማኙ ቅጽ

የናይሮቢ የሕንፃ ዘበኛ ዋዛ አይደለም። መታወቂያ ይቀበላል፣ መዝገብ ላይ ያስፈርማል፣ ቦርሳ ያስከፍታል፤ ደስ ሲለው ውስጡንም ያያል። ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2023 ከ5,000 በላይ የመንግሥት አገልግሎቶችን ኢሲቲዝን በተባለው ድረ ገጿ ላይ ካደረገች ወዲህ ደግሞ ከተማው ሁሉ ፋይል ጫኝ ሆኗል፤ የግሉም ዘርፍ ተከትሏል። ሰነፍ ፕሮግራመር የሠራው የፋይል መቀበያ ቅጽ ግን የፋይሉን ስም ብቻ ጠይቆ «ግባ» የሚል ዘበኛ ነው። ከነጥቡ በኋላ «ፒዲኤፍ» የሚል ካየ በቃው። ተጠራጥሮ ብራውዘሩን ቢጠይቅ እንኳ፣ ብራውዘሩም አብዛኛውን ጊዜ የሚመልሰው ያንኑ ስም አይቶ ነው።

ፋይል እኮ ማንነቱን ገና ከመጀመሪያዎቹ ባይቶች ይናገራል። ፒዲኤፍ በፐርሰንት ምልክት ጀምሮ ስሙን ይጠራል። ዚፕ «ፒ» እና «ኬ» ይላል፤ የፈጣሪው የፊል ካትዝ ስም መነሻ ነው። የዛሬው የዎርድ ሰነድ ውስጡ ዚፕ ስለሆነ፣ ስንቱ የሥራ ማመልከቻ የካትዝን ስም ተሸክሞ ይዞራል! የዊንዶውስ ፕሮግራም ደግሞ «ኤም» እና «ዚ» ይላል፤ ማርክ ዝቢኮውስኪ የተባለ የማይክሮሶፍት ሰው ትቶት የሄደው ፊርማ። ቫይረስ «የሰርግ ፎቶ ነኝ» ብሎ ቢመጣ እነዚህ ሁለት ፊደላት ያሳብቁበታል። እርግጥ መጀመሪያውን አሳምሮ ተንኮሉን ከኋላ የሚደብቅም አለ። ስለዚህ ጠንቃቃ ባለሙያ ፎቶውን እንደ አዲስ ይሠራዋል፣ ስሙን ራሱ ያወጣለታል፣ ፕሮግራም ሆኖ ሊነሣ በማይችልበት ቦታም ያስቀምጠዋል።

ይህን ሁሉ ለማን ልንገር? ኢስሊ ሰፈር የሚኖሩ አንዲት እትዬ የልጅ ልጃቸውን ሊያስመዘግቡ ሳይበር ቤት አብሬያቸው ሄድኩ። ትምህርት ቤቱ የልደት ምስክር ወረቀት «በፒዲኤፍ ብቻ» ይላል። እሳቸው የያዙት የአይፎን ፎቶ ነው፤ ያውም አፕል እ.ኤ.አ. በ2017 ያመጣው፣ ግማሹ ኮምፒውተር የማያውቀው ሄይክ የሚባል የፎቶ ዓይነት። ቅጹ በቀይ ተቆጣ።

«ምን አጠፋሁ ልጄ? ማኅተሙ እኮ ይታያል!»

የሳይበሩ ልጅ «ሃኩና ሺዳ፣ ማማ» (ችግር የለም፣ እማማ) አለና ከነጥቡ በኋላ ያለውን አጥፍቶ ፒዲኤፍ ብሎ ጻፈበት። ቅጹ አረንጓዴ ሆነ። ልሟገት ስል እትዬ ልጁን እየመረቁት ነበር።

በማግስቱ ከትምህርት ቤቱ ተደወለ፤ ሰነዱ አልከፈት ብሏል፣ እባክዎ ፎቶ አንሥተው በዋትሳፕ ይላኩልን።

እትዬ ስልኩን ዘግተው ወደ እኔ ዞሩ። «ታዲያ እኔ መጀመሪያውኑ ምን ይዤ ሄድኩ?»