ማማረርም ትምህርት ጠየቀ

ድሮ መብራት ሲጠፋ «ጠፋ» ነው፤ ሲመጣ «መጣ» ነው፤ ሒሳቡ ሲደርስ ደግሞ «በዛ» ነው። በእነዚህ ሦስት ቃላት ብቻ አርባ ምንጭ አጠገብ ጫኖ ላይ አንድ ሽማግሌ ማንጎ ጥላ ሥር ተቀምጦ ከቀትር እስከ ማታ ያለ ማንም እርዳታ ማማረር ይችል ነበር። ዛሬ ያ መብት ተነጥቋል። ገና «በዛ» ከማለትህ «የቱ ነው የበዛው? ታሪፉ ነው ፍጆታው?» የሚል ልጅ ከጎንህ ይበቅላል። የእኔው የልጅ ልጅ ነው፤ አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ ኤሌክትሪካል ምህንድስና ያጠናል። ቅዳሜ ቅዳሜ በባጃጅ ይመጣና ዓሣዬን በዳጣ በልቶ፣ ምሬቴን አርሞ ይመለሳል።

ታሪፍ ማለት የአንድ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ ነው አለኝ። ኪሎዋት ሰዓትስ? 1,000 ዋት የሚስብ ዕቃ 1 ሰዓት ሲሠራ የሚፈጀው ነው። እሺ፣ ይሁን። ባለ 10 ዋት አምፖል ይህን ለመጨረስ 100 ሰዓት መብራት አለባት። «የአያትህ ምጣድስ?» አልኩት። «እሱ ወደ 3,500 ዋት ይጠጋል፣ አባባ። አንድ ሰዓት ሙሉ ሲግል ያችን አምፖል 350 ሰዓት የሚያበራውን ይበላል።»

350 ሰዓት ማለት ሌት ተቀን ከ14 ቀን በላይ ነው። እስቲ ፍረዱኝ! በዚህ ቤት የአባትነት ሥልጣኔ ጸንቶ የኖረው «አምፖል አጥፉ!» በሚል ጩኸት ነው። አሁን ስጮኽ ልጆቹ ዞር ብለው ምጣዱን ያያሉ። ምጣዱን ደግሞ ማን ደፍሮ ይናገራል? ባለቤቱ ማሰሻዋን ይዛ አጠገቡ ቆማለች።

ቀጥሎ እርከን የሚባል መጣ። እኔ በማውቀው ገበያ ብዙ ለገዛ ሰው ይቀነስለታል፤ በመብራት ግን ብዙ የገዛ ይጨመርበታል። እስከ 2011 ዓ.ም. ድረስ የቤት ታሪፍ ለብዙ ዓመት ሳይነካ ነበር የኖረው፤ በወር እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት ድረስ የአንዱ ዋጋ 27 ሳንቲም ከምናምን፣ ከ500 በላይ ያለው ላይኛው እርከን እንኳ 70 ሳንቲም የማይሞላ። ከዚያ በአራት ዓመት ተከፋፍሎ ሲጨመር የ50ዋ ባለችበት ቀረች፣ የላይኛው 2 ብር ከ48 ሳንቲም ደረሰ። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በየሦስት ወሩ እያለ ለአራት ዓመት የሚዘልቅ ማስተካከያ ተጀመረ። በዕድሜዬ ወደ ታች ሲስተካከል ያየሁት ነገር ቢኖር የራሴ ወገብ ነው።

በዚህ ተናድጄ አፌን ስከፍት ልጁ ቀደመኝ፤ «አባባ፣ የታችኛው እርከን እኮ የተሠራው ለእርስዎ ዓይነቱ ነው።» ይኸው! በድህነቴም አላማርር ተባልኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የ50ዋ ድንበር ጠባቂ ሆኛለሁ። ምጣዱ በሳምንት ሁለት ሰዓት ቢግል በወር 28 ነው። የቀረችው 22 ለአምፖሉም፣ ለቴሌቪዥኑም፣ ለስልኩም፣ ለማራገቢያውም ናት። የጨንቻ ሰው ማራገቢያ ቅንጦት ሊመስለው ይችላል፤ እሱ ብርድ ላይ ተቀምጦ ጋቢ የሚደርብ ነው። እስቲ በየካቲት ወደ ዓባያ ዳር ይውረድና እንነጋገር።

የአገልግሎት ክፍያም አለላችሁ። ሁሉን አጥፍተህ፣ በር ቆልፈህ ወሩን ሙሉ ዘመድ ጥየቃ ብትሄድ እንኳ እሱ ይቆጥራል። ምክንያቱን ጠየቅሁ። መስመሩ፣ ቆጣሪውና ሒሳብ ሠሪው አንተ ስትሄድ አብረውህ አይሄዱም ተባልኩ። መልሱ ትክክል መሆኑ ነው ያበሸቀኝ። የቅድመ ክፍያ ካርድ ሲሞላ ይህ ስለሚቀነስ የ100 ብር ካርድ የ100 ብር ኪሎዋት ሰዓት ይዞ አይመጣም። አንድ ጎረቤቴ ትንሹን ልጁን ካርድ እንዲያስሞላ ልኮት ሒሳቡ ሲጎድልበት፣ ከረሜላ በልተህበታል ብሎ አርጩሜ ሲቆርጥ ነው የደረስኩበት። ልጁን ያስጣልኩት የአገልግሎት ክፍያን አስረድቼ ነው። አስቡት፤ እኔ! የክፍያው ጠበቃ ሆነ ብሎ ሰፈሩ ከወር በላይ ሳቀብኝ።

በወር ከ200 ኪሎዋት ሰዓት በላይ የሚፈጅ ቤት ደግሞ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ አለበት። እኔን አይነካኝም፤ ግን ለማማረር የግድ መነካት የለብኝም።

ከሁሉ የከፋው ቅድመ ክፍያ ነው። ባለ ድህረ ክፍያው ቆጣሪ ቢያንስ ሰው ነበረው። ቆጣሪ አንባቢው ይመጣል፣ ያለፈውን ንባብ ከአሁኑ ይቀንሳል፣ ትጨቃጨቃላችሁ፣ ቡና ይጠጣል፣ ይሄዳል። ከሰው ጋር የተጀመረ ጠብ ማለቂያ አለው። በመስከረም 2011 ዓ.ም. አርባ ምንጭ ላይ ወጣቱ በቁጣ ነቅሎ ሲወጣ የጋሞ አባቶች ለምለም ሣር ይዘው ፊቱ ተንበረከኩና መለሱት፤ አገር ሁሉ ያየው ነው። ግድግዳ ላይ ለተሰቀለ፣ ቁጥሩን ወደ ታች እየቆጠረ ለሚጨርስ ሣጥን ግን የትኛውን ሣር ትይዝለታለህ? ዜሮ ሲል ቀጥ ይላል። ሽማግሌ አያውቅ፣ ሽማግሌዎቹ በሚሸመግሉበት አደባባይ፣ በዱቡሻ፣ አይቀርብ።

አንድ ነገር ሲያስረዳኝ ግን ልጁን ቀደምኩት። በ1948 ዓ.ም. የተቋቋመው መብራት ኃይል፣ በ1989 ኮርፖሬሽን ሆኖ፣ በ2006 ዓ.ም. ለሁለት ተከፈለ። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ያመነጫል፣ በትልቁ መስመር ያስተላልፋል፤ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ደግሞ በጅምላ ተቀብሎ በየቤቱ ይቸረችራል። «ተው ልጄ፣ ጅምላና ችርቻሮን ለሙዝ ገበሬ አታስተምር» አልኩት። የጫኖ ሙዝ ማሳ ዳር በሚሸጥበት ዋጋና አዲስ አበባ ፍራፍሬ ቤት በተሰቀለበት ዋጋ መሃል አይሱዙ አለ፣ ጫኝ አለ፣ ደላላ አለ፣ መንገድ ላይ የበሰበሰው አለ። መብራትም መንገድ ላይ ይበሰብሳል፤ ሽቦው እየሞቀ የሚያባክነውን ከፋዩ ሳያይ ይከፍላል። አንድ ልዩነት ብቻ አለ፦ የሙዝ ነጋዴ ዋጋ ሲሰብርብኝ ሌላ ነጋዴ እጠራለሁ።

ይህን ምሬት አግኝቼ ደስ ብሎኝ ስቀመጥ ኬንያ ትዝ አለኝ። ጊቤ 3 እዚሁ ኦሞ ላይ 1,870 ሜጋዋት እንዲያመነጭ የተሠራ ነው። ከወላይታ ሶዶ የተነሣው፣ ከ1,000 ኪሎ ሜትር የሚበልጠው መስመር ኬንያ ደርሶ ሽያጩ የጀመረው በኅዳር 2015 ዓ.ም. ነው። ሶዶ ማለት ቁርስህን ጫኖ በልተህ ለምሳ የምትደርስባት ናት! «ናይሮቢ በርቶለት እኔ ኩራዝ ልለኩስ?» ብዬ ተነሣሁ። ልጁ ረጋ ብሎ፣ ኬንያ የሚከፍለው በዶላር እንደሆነ፣ ዋጋውም ከእኛ የታችኛው እርከን እጅግ እንደሚበልጥ፣ የኔ ኩራዝ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሰፈር ትራንስፎርመርና ያረጀ ምሰሶ ጉዳይ እንጂ የኃይል እጥረት እንዳልሆነ አስረዳኝ። ያችም ምሬት ሄደች። ሕዳሴ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. በ5,150 ሜጋዋት ተመርቆ ሳለ «ኃይል የለም» ብል ደግሞ ማን ይሰማኛል?

ቢቸግረኝ ዳላስ ያለችውን የእህቴን ልጅ በስልክ ጠየቅኋት። እዚያ ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ፣ በፈረንጅ አቆጣጠር ማለቴ ነው፣ ሰው መብራት ሻጩን ይመርጣል። ሽቦው ያው ነው፤ የሚለዋወጠው ሒሳብ የሚልከው ድርጅት ነው። «ታድለሽ!» አልኳት። «ምን ታደልኩ፣ ጋሼ፤ አሥር ገጽ ውል እያነበብኩ ዓይኔ ጠፋ» አለችኝ። ቋሚ ዋጋ የሚባል አለ፤ ውሉ ሳያልቅ ብትወጣ ትቀጣለህ። ተለዋዋጭ የሚባል አለ፤ በፈለገው ወር ይዘላል። ሌሊት በነጻ የሚባል አለ፤ የሌሊቱን ቀን ላይ ይለቅሙታል። በየካቲት 2021፣ አሁንም በእነሱ አቆጣጠር፣ ቴክሳስ በብርድ ስትመታ የጅምላው ዋጋ ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት 9 ዶላር ደረሰ። ዋጋቸውን ከጅምላው ጋር ያሰሩ ሰዎች በቀናት ውስጥ የብዙ ሺህ ዶላር ሒሳብ መጣባቸው። ከዳላስ አጠገብ ጋርላንድ ከተማ ያሉ ዘመዶቿ ግን መብራቱ የማዘጋጃ ቤቱ ስለሆነ ምርጫ የላቸውም፤ እሷ በእነሱ ትቀናለች። እኔ በእሷ ልቀና ነበር የደወልኩት።

እንግዲህ የቀረችኝ የ50ዋ ድንበር ናት። ባለፈው ቅዳሜ ቤተሰቡን ሰብስቤ፣ ጉሮሮዬን ጠርጌ፣ ምጣዱ በሳምንት ሁለት ሰዓት መጋሉ ቀርቶ አንድ ሰዓት ብቻ እንዲሆን ሐሳብ አቀረብኩ። ባለቤቴ ማሰሻዋን አስቀምጣ ከወጥ ቤት ወጣች።

«ማራገቢያዎ ስንት ዋት ነው?» አለችኝ።

እኔ ዝም። «60» አለ ያ ከሃዲ ልጅ።

«በሌሊት 8 ሰዓት ይዞራል። በወር 14 ከምናምን ነው። ምጣዱ ስምንት ሰው ያበላል፤ ማራገቢያው አንድ ሰው ያስተኛል። የቱ ይቀነስ?»

ለካ ቅዳሜ ቅዳሜ ትምህርቱን ስትከታተል የኖረችው እሷ ናት። አሁን አጎበሬን ይዤ በረንዳ ላይ ነው የምተኛው።