ጭላዳውና የአቡነ ዮሴፍ በር

በድሮ ዘመን በላስታ፣ በአቡነ ዮሴፍ ተራራ ወገብ ላይ አንድ ጠባብ በር ነበር። ቀኙ አለት፣ ግራው ገደል ነው፤ ሁለት እንስሳ ጎን ለጎን አያሳልፍም። ከደጋው ወደ ሮሃ የሚወርድ ሁሉ በዚያ ያልፋል። ጠባቂው አያ ጭላዳ ነበር። በአዘቦት ቀን መንገደኛው ጥቂት ስለሆነ ማንም ማንንም አይጠብቅም፤ አያ ጭላዳም ቁጢጥ ብሎ ሣሩን በጣቱ እየነጨ ሲበላ ይውላል።

የገና ሰሞን ግን አገር ምድሩ ነቅሎ መጣ። ነጋዴው አያ በቅሎ አሞሌ ጨው የጫኑ መቶ አህዮች አስከትሎ ከሁሉ ቀድሞ ደረሰ። ወዲያው ጥንቸል እያለከለከች መጣች።

«አያ ጭላዳ፣ እባክዎ ያሳልፉኝ! እህቴን ምጥ ይዟት አዋላጇን እመት ጦጢትን ልጠራ ነው። የያዝኩት አንድ ቃል ብቻ ነው።»

«የበሩ ሕግ ቀድሞ የመጣ ቀድሞ ይለፍ ነው። ተራሽን ጠብቂ» አላት።

መቶው አህያ አልፎ እስኪያልቅ ጀንበር ጠለቀች። ጥንቸል አዋላጇን ይዛ ስትመለስ እህቷን በሕይወት አላገኘቻትም። ጨው ማታ ቢደርስም ያው ጨው ነው። የጥንቸል ቃል ግን ከሰዓቱ ካለፈ ምን ይረባል?

ነገሩ ከአያ አንበሶ ችሎት ደረሰ። አያ አንበሶም ተቆጥቶ፣ «ከእንግዲህ ላለፈው ሁሉ አንድ አንድ ጠጠር ቅል ውስጥ ጣል። ሥራህን በጠጠሩ ብዛት አየዋለሁ» አለው።

አያ ጭላዳ ጠጠር የሚበዛበትን መላ ለማግኘት አልዘገየም። ፍየል ፈጣን ናት፤ ትቅደም። ከተራራው ማዶ የመጣችው አንካሳ አህያ እስክትሻገር አሥር ፍየል ያልፋል፤ እሷ ትቆይ። ቅሉ በየማታው ጢም ብሎ ሞላ፤ አያ አንበሶም አያ ጭላዳን ሸለመው። አንካሳዋ አህያ ጀርባዋ ላይ ውርጭ እየጋገረ በሩ ሥር አደረች፤ በማግስቱም አደረች።

በመጨረሻ እመት ቆቅ ችሎት ቆመች።

«ጌታዬ፣ ጠጠሩ ያለፈውን ይነግርዎታል፤ የቀረውን ማን ቆጠረልዎ? በሩ ላይ አያስቆጥሩ። ሮሃ ወርደው ማን መቼ እንደደረሰ ያስጠይቁ። እሱንም በአዘቦት ቀን ሳይሆን በገና ሌሊት ያድርጉት።»

አያ በቅሎ ጣልቃ ገብቶ፣ «ወርቅ ልክፈልና ሁልጊዜ እኔ ልቅደም» አለ። እመት ቆቅም፣ «ወርቅ ያለህ ብዙ አህያ ጫን፤ ማን ከለከለህ? የምጥ መልእክት ማስቆም ግን በወርቅ አይገዛም» ብላ መለሰችለት።

አያ አንበሶ በሩ እንዲሰፋ አዘዘ። ላስታ አለት መፈልፈል የሚያቅተው አገር አይደለም፤ ያም ሆኖ ሥራው ዓመታት ይፈጃል፤ በሩ ሲሰፋም ጭነቱ አብሮ ይበዛል። ስለዚህ ሌላም ሥርዓት ተደነገገ፦ የድረሱልኝ ጩኸት ከሁሉ ይቅደም፤ አንድ ቃል የያዘ በጭነቱ መካከል ሾልኮ ይለፍ፤ አንካሳዋም ጠጠሩ ቢጎድልም የቀን ተራዋን አትጣ። አያ በቅሎ ጥቂት ዘገየ፤ ከጨው አንድ አሞሌ አልጎደለበትም።

ታኅሣሥ 29 ሌሊት በጥንቷ ሮሃ፣ በዛሬዋ ላሊበላ፣ ያደረ ሰው ይህን በር ያውቀዋል። ካህናቱ በቤተ ማርያም ዙሪያ በአለቱ ጠርዝ ቆመው ቤዛ ኩሉ ሲያዜሙ ሺህ ስልክ ወደ ላይ ይነሣል፤ ሁሉም ቪዲዮውን በዚያው ሰዓት መላክ ይፈልጋል። የአንድ አንቴና ሞገድ ደግሞ በሥሩ ያለው ሁሉ የሚካፈለው ነው። ቪዲዮው የጨው ጭነት ነው፤ ቢቆይም ይደርሳል። የድምፅ ጥሪ ከሞገዱ የሚወስደው ጥቂት ነው፤ ሲዘገይ ግን ንግግሩ ይቆራረጣል። በተፈለፈለው አለት ጉድጓድ ውስጥ የቆመው ምዕመን አንካሳዋ አህያ ነው፤ አለቱ ሞገዱን ስለሚያደክመው ያንኑ መልእክት ለማድረስ የአንቴናው ጊዜ ይበልጥ ይባክናል። የተላለፈውን ዳታ ብዛት ብቻ የሚቆጥር ኔትወርክ እሱን ወደ ኋላ መተው ያተርፈዋል።

ይህ በርም ዳኛ አለው፦ በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ተቋቁሟል፤ የአገልግሎት ጥራትን መቆጣጠርም ሥራው ነው። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ ከኢትዮ ቴሌኮም ጎን በይፋ ሥራ ጀምሯል፤ ጠባቂው አሁን ሁለት ነው። ባለሥልጣኑ ባለሙያዎቹን በገና ሌሊት ወደ ላሊበላ ይላክ። ልኬቱንም ከአንቴናው ምሰሶ ሥር ሳይሆን ጉድጓዱ ውስጥ ከቆመው ምዕመን እጅ ይውሰድ፤ ውጤቱንም ለሕዝብ ይንገር።