ሐሳቡን ያልቆረጠ ጸጉር

ሹሩባ የሚሠሩን የሰፈራችን እትዬ አንድ ቀን ጭንቅላቴን በሁለት ጉልበታቸው መሀል ቆልፈው እንደያዙ ለእናቴ፣ «የዚች ልጅ ጸጉር እኮ ሐሳቡን አልቆረጠም» አሏት። ስምንት ዓመቴ ነበር። እውነታቸውን ነው። ጸጉሬ ከሥሩ ሉጫ መስሎ ይነሣና ጆሮዬ ዘንድ ሲደርስ ይታጠፋል፤ ትከሻዬ ላይ ሲያርፍ ደግሞ ከርዳዳ ልሁን ወይስ ልቅር እያለ ያመነታል። ሲጎነጉኑት ከጫፉ ይፈታል፤ ሲተዉት ነፋስ እንደመታው የሩዝ ማሳ ወዲያና ወዲህ ይላል። አማርኛ ለጸጉር ቃል የሚያንሰው ቋንቋ አይደለም፤ ሉጫ አለው፣ ዞማ አለው፣ ከርዳዳ አለው፣ ጎፈሬና ቁንጮ፣ ጋሜና ሳዱላ አለው። ለእኔው ዓይነት ወላዋይ ግን ስም ሳያወጣለት ቀረ።

ፈረንጅ ቁጥር አወጣለት። የኦፕራ ዊንፍሬይ ጸጉር ሠሪ የነበረው አንድሬ ዎከር የዓለምን ጸጉር በአራት መደበው፤ 1 ለሉጫው፣ 2 ለሞገዳሙ፣ 3 ለጥቅልሉ፣ 4 ለከርዳዳው። በየምድቡ ውስጥ ደግሞ ኤ፣ ቢ የሚባል ክፍል አለ። አዲስ አበባ ያለችው የአክስቴ ልጅ ፎቶዬን አይታ፣ «አንቺ እኮ 2 ቢ ነሽ!» አለችኝ። ደስ አለኝ፤ መታወቂያ እንዳወጣ ሰው ሆንኩ። ኋላ ሳስበው ግን ሁለተኛ ክፍል ስማርም የነበርኩት ቢ ነው። ይህን ሁሉ ዓመት ፈቀቅ አላልኩም ማለት ነው።

ከቁጥሩ ጋር ፕሮግራም ተከትሎ መጣ። እሑድ ማታ ዘይት፤ ሰኞ ሰልፌት በሌለው ሻምፖ መታጠብ፣ ከዚያ ኮንዲሽነር፣ ከዚያ የተልባ ጄል፤ በፎጣ ሳይሆን በአሮጌ ቲሸርት ማድረቅ፤ ረቡዕ ውሃ ረጨት ረጨት ማድረግ፤ ዐርብ እንደገና። በትልቁ ጽፌ ከቀን መቁጠሪያው ጎን ለጠፍኩት።

ፕሮግራሙን ያወጣው ሰው የእኛን ቧንቧ አያውቀውም። የእኛ ቧንቧ እንደ ሩቅ አገር ዘመድ ነው። እመጣለሁ ብሎ አይልክም፤ ሲመጣ ሌሊት ነው፤ ባልዲና ጀሪካን ይዘን በእንቅልፍ ልባችን ተሰልፈን እንቀበለዋለን። በመጀመሪያው ሰኞ ሻምፖውን አናቴ ላይ አረፋ በአረፋ ካደረግሁት በኋላ ቧንቧው አንድ ጊዜ አፏጨና ዝም አለ። ከእንስራው ልቀዳ ስል እናቴ ክዳኑ ላይ እጇን ጣል አድርጋ፣ «ይኼ የወጥ ነው» አለች። ፊቷን አየሁት፤ ይግባኝ የለውም። አረፋውን በሻሽ ጠቅልዬ አደርኩ።

ወንድሜ ደግሞ በዚህ ሁሉ መሀል ሳቁን አይቆጥብም። «ሰው እንዴት በጸጉር ይህን ያህል ይጨነቃል?» ይለኛል። ከእኛ ብዙ በማይርቀው ደብረ ታቦር ላይ መናገሻቸውን ያደረጉትን የዐፄ ቴዎድሮስን ሹሩባ አስታወስኩት። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ሲሞቱ ከራሳቸው የተቆረጠው ሁለት ዘለላ ጸጉር እንግሊዝ ተወሰደ፤ ለንደን ባለው ብሔራዊ የጦር ሠራዊት ሙዚየም ከርሞ በመጋቢት 2011 ዓ.ም. ሚኒስትር ሄደው ነው የተረከቡት። ለሁለት ዘለላ ሚኒስትር ከተጓዘ፣ ለእኔ ሙሉ ጭንቅላት አንድ ባልዲ ውሃ ቢፈቀድ ምን አለበት? ወንድሜ ዝም አለ። እንስራው ግን አልተከፈተም።

ቧንቧውን ተሻግሬ ሳበቃ ጾም ጠበቀኝ። ዘይቱን ትቼ በአገሬው ልማድ ልሂድ ብዬ ነበር። የከተማችን የሐሙሲት ስም ከገበያዋ ቀን የመጣ ነው፤ ሐሙስ ሐሙስ ገጠሩ ሁሉ ይወርዳል፣ ለጋ ቅቤም ይወርዳል። ትንሽ ገዝቼ አናቴ ላይ አድርጌ ፀሐይ ላይ ተቀመጥኩ፤ እየቀለጠ በጆሮዬ ጀርባ ወደ አንገቴ ሲወርድ የሚሰጠውን እረፍት የትኛውም ባለ ብልቃጥ ቅባት አይሰጥም። እናቴ ከቤት ወጥታ አየችኝ። «አፈር ስሆን፣ በሁዳዴ ቅቤ ቅቤ እየሸተትሽ ልታስቀድሺ ነው?» ጸጉሬም እንደ ሰው 55 ቀኑን ጾመ። በምትኩ ከባሕር ዳር አንድ ብልቃጥ ዘይት በውድ ገዝቼ መጣሁ። እናቴ ብልቃጡ ላይ ያለውን የቅጠል ሥዕል አገላብጣ አየችውና፣ «ጉሎ አይደለም እንዴ?» አለች። ጉሎ ነው። አጥራችን ሥር በቅሎ ፍየል እንኳ ዞር ብላ የማታየው ጉሎ፣ ብልቃጥ ገብቶ፣ ባሕር ተሻግሮ መጥቶ እኔን በሁለት መቶ ምናምን ብር ሸወደኝ።

አንድ ጊዜ ደግሞ በቃኝ ብዬ ባሕር ዳር ፒያስትራ አስደረግሁት። ጸጉር ሠሪዋ መስታወቱን ስትሰጠኝ ያየኋት ሴት እኔ አልነበርኩም፤ ጸጉሯ ሐሳቡን የቆረጠ ቆንጆ ነበረች። ወሩ ነሐሴ ነው። የሚኒባሱ መስኮት አይዘጋም፤ ከጣና የሚነሣው እርጥብ አየር በቀጥታ ወደ እኔ ይገባል። ሐሙሲት ስወርድ ተመልሼ 2 ቢ ሆኛለሁ። ነገሩ ተአምር የለውም። የጸጉርን ቅርጽ ከሚይዙት ትስስሮች አንዳንዶቹ ውሃ ሲነካቸው ይላቀቃሉ፤ ሲደርቁ ደግሞ ባገኙት ቅርጽ መልሰው ይያያዛሉ። በእሳት ያቀኑትን አየር ያጣምመዋል። ለዚህ ነው ሞገዳም ጸጉር እስኪደርቅ ድረስ አይነካካ የሚባለው፤ እጅ በበዛበት ቁጥር ትስስሩ ግራ ይገባውና ብን ብሎ ይቀራል።

ቅቤውም ዘይቱም ፒያስትራውም ሳይሆን ሲቀር ነው ወደ ሩዝ የመጣሁት። ሩዝ ለእኛ ብርቅ አይደለም። በደርግ ዘመን የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች መጥተው በእኛው በደራ ጅግና፣ በፎገራ ደግሞ ሻጋ ላይ በገበሬዎች ማኅበር ተሞከረ፤ ኤክስ ጅግና የሚባለው ዝርያ ስሙ ከዚያ ነው። ርብና ጉማራ ክረምት ክረምት የሚተኙበት ሜዳ ዛሬ ሩዝ በሩዝ ነው፤ ወረታም ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል አላት። ከጤፍ ቀላቅለን እንጀራ እንጋግረዋለን፤ ጠላም ይወጣዋል። ለጸጉር ይሆናል ያለን ግን አልነበረም። የነገረችኝ ያችው የአክስቴ ልጅ ናት። ቻይና ውስጥ ጓንግሺ በሚባል አካባቢ ሁዋንግሉኦ የምትባል መንደር አለች፤ የያዎ ብሔረሰብ ሴቶች ጸጉራቸውን በቦካ የሩዝ ውሃ ያጥባሉ፣ ርዝመቱም ለጉድ ነው። እነሱ ከቻሉ የደራ ልጅ እንዴት ያቅታታል አልኩ።

ሰኞ ጠዋት ሁለት እፍኝ ሩዝ ዘፈዘፍኩ። ውሃውን አጥልዬ በቢጫ ጆግ ጓዳ አስቀመጥኩት። ረቡዕ ኮምጠጥ አለ፣ ላዩም አረፋ ያዘ። ያላሰብኩበት አንድ ነገር ነበር፤ እናቴ እርሾዋን የምታስቀምጠው እዚያው ጓዳ፣ በሌላኛው ቢጫ ጆግ ነው። ጆጎቹን የገዛኋቸው እኔው ነኝ፤ ሁለት ከወሰድሽ እቀንሳለሁ ተብዬ።

ረቡዕ ሌሊት ቧንቧው መጣ፣ መብራቱ ሄደ። ሁለቱ አብረው ቤታችን ገብተው አያውቁም። እናቴ ቡሃቃዋን፣ እኔ ጭንቅላቴን ይዘን በጨለማ ተጣደፍን። ጆጉን አናቴ ላይ ስገለብጠው ሽታው ከበድ አለኝ። ቻይናዎቹ እንዴት ችለውት ነው እያልኩ ሃያ ደቂቃ ሙሉ ታገሥኩና አለቀለቅሁት።

ሐሙስ ገበያ ወጣሁ። ቅቤ የምትሸጠዋ ሴትዮ ሚዛኗን ትታ ወደ እኔ ጠጋ አለች፣ አሸተተች። «እቴ፣ ቤትሽ ሊጥ ገንፍሎብሽ ነው የመጣሽ?» ፀሐዩ ሲበረታ ከጆሮዬ ጀርባ የደረቀ ነገር ረገፈ። ፎሮፎር መስሎኝ ደነገጥኩ፤ በጣቴ ሳሸው ጤፍ ነው።

ቅዳሜ እናቴ ምጣዱን አስሳ የመጀመሪያውን አሰፋች። አክንባሎውን ስታነሣ እጇ አየር ላይ ቀረ። ዓይኑ ጥቅጥቅ ብሎ፣ ከዳር እስከ ዳር አንድም የተሸወረረ የለበትም። «እሰይ! እርሾዬ ምን ነካው ዛሬ?» አለች። ከዚያ በላይ መደበቅ ኃጢአት መሰለኝና የጆጎቹን ነገር ነገርኳት። እንጀራውን አየች፣ እኔን አየች።

«ታዲያ ያንቺ ጸጉር ምን ሆነ?»

«ቦካ» አልኳት።

ቧልቱን ትቼ እውነቱን ልናገር፤ ያን ሳምንት እንዳማረበት ጸጉሬ አምሮበት አያውቅም። ከአናቴ እስከ ትከሻዬ እጥፍ እጥፍ እያለ ወረደ። እርሾው ይሁን እንጃ፤ እኔ ግን ሽታው አሳፍሮኝ ሁለት ቀን እጄን ሳላስጠጋው መክረሜን እጠረጥራለሁ።

የግድግዳው ፕሮግራም ተነሥቷል፤ ጀርባው ላይ እናቴ የእቁቧን ተራ አስጽፋኛለች። እሷ ሊጥ ስታቦካ ቀን አትቆጥርም። ጣቷን ትነክራለች፣ ታሸታለች፤ ብርድ ከሆነ አንድ ቀን ትጨምርለታለች፣ ሙቀት ከሆነ ታጣድፈዋለች። እኔም ጠዋት ስነሣ ጸጉሬን ጨበጥ አድርጌ አየዋለሁ። ደርቆ ከሆነና ጾም ካልሆነ ቅቤ፤ ቧንቧ መጥቶ ከሆነ መታጠብ፤ የተልባ ጄሉን ጊዜ ሲኖረኝ፤ ሁሉም ከሌለ ሻሽ። የአክስቴ ልጅ «ስንት ቀን በስንት ቀን ነው የምትታጠቢው?» ስትለኝ፣ «ቧንቧውን ጠይቂው» እላታለሁ።

እርሾው አሁን በቀይ ጆግ ነው ያለው፤ ቢጫው የእኔ ነው። ሐሙሲት ስትመጡ ቤታችን ግቡ፣ እንጀራውን ቅመሱ። ለእጃችሁ መታጠቢያ ግን ከቢጫው እንዳትቀዱ፣ አደራ።