የተጣመመ ወሰን

የኦሃዮ ሕግ አውጪዎች በ1812 (እ.ኤ.አ.) ለአዲሱ ርእሰ ከተማቸው፣ እስያ ደረስኩ ብሎ ካሪቢያን የወረደውን፣ ኦሃዮን ግን በዓይኑ ያላየውን የኮሎምበስን ስም ሰጡ። በዚያው ዓመት የማሳቹሴትሱ ገዢ ኤልብሪጅ ጌሪ የፈረሙት የምርጫ ወረዳ ካርታ ለጄሪማንደሪንግ፣ ማለትም ወሰንን ለራስ ፓርቲ እንዲያደላ አጣምሞ ለማስመር፣ መጠሪያ ሆነ። ግጥምጥሞሹ ከንቱ አልቀረም፤ የኦሃዮ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2022 የግዛቲቱን ምክር ቤት ካርታዎች 5 ጊዜ ውድቅ ቢያደርግም፣ የኅዳሩ ምርጫ ከተጣሉት በአንዱ ተካሄደ። በአገር ቤት ድንበር የገፋ ገበሬ ቢያንስ በሽማግሌ ፊት አንገቱን ይደፋል፤ የኮሎምበስ ከተማ ካርታ ነዳፊዎች ግን ከስመ ጥሩው መርከበኛ የሚለዩት፣ የት እንደሚደርሱ ገና ሳይነሡ አሳምረው በማወቃቸው ነው።