ጃንዋሪ 1 በተወለደ ሕዝብ ላይ የተደረገ ጥናት

የዚህ ጥናት መነሻ የአምስተኛ ክፍል የቤት ሥራ ነው። ከሴንት ፖል በስተምሥራቅ፣ ዉድበሪ ውስጥ፣ የአጥኚው ልጅ መምህርት «ቤተሰቦቻችሁ በተወለዱበት ቀን በታሪክ ምን ታላቅ ነገር እንደተፈጸመ ጻፉ፤ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ገጽ» ብላ አዘዘች። ልጅቱ የአባቷን፣ የእናቷንና የአያቷን መታወቂያ ጠረጴዛ ላይ ደረደረችና ሦስቱንም ሰዎች በአንድ ገጽ ጨርሳ ተኛች። ሦስቱም ጃንዋሪ 1 ነበሩ። ወረቀቱ ሲመለስ ግርጌው ላይ በቀይ እስክሪብቶ የጥያቄ ምልክት ተደርጎበታል። አጥኚው ለዚህ ምልክት መልስ ሊፈልግ ቤዝመንት ወርዶ የበረዶውን ወራት እዚያው ከረመ።

አጥኚው ራሱ ጃንዋሪ 1 ስለተወለደ ከወገንተኝነት ነፃ ነኝ አይልም። ማስረጃ የሰበሰበው በክርስትና ድግስ፣ በለቅሶ ቤትና በልጆች ምረቃ ላይ ነው። በእነዚህ ስፍራዎች ጃንዋሪ 1 መወለድ የሚያስደንቅ ነገር አይደለም፤ የሚያስደንቀው ሌላው ነው። አንድ እንግዳ «ኤፕሪል 17 ነኝ» ቢል ማዕዱ ለአፍታ ዝም ካለ በኋላ አንድ ሽማግሌ «በዲቪ ነው የመጣኸው?» ብለው ጠየቁት። በዲቪ ነበር።

ዕለቱ በታሪክ ረገድ ደኅና ዕለት ነው። በጃንዋሪ 1 ሄይቲ በ1804 ነፃነቷን አውጃለች፤ የሊንከን የባሪያ ነፃነት አዋጅ በ1863 ሥራ ላይ ውሏል፤ ኢጣሊያ በ1890 ቀይ ባሕር ዳር የያዘችውን ምድር ኤርትራ ብላ ቅኝ ግዛቷ አድርጋለች፤ ሱዳንም በ1956 ከእንግሊዝና ከግብፅ እጅ ወጥታለች። ልጅቱ እነዚህን ሁሉ ጽፋ ነበር። የዘለለችው ዋናውን ነው።

እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 1 ቀን 1892 ኒው ዮርክ ወደብ ላይ ኤሊስ አይላንድ የተባለው የስደተኞች መቀበያ ተከፈተ። መጀመሪያ ተመዝግባ የገባችው አኒ ሙር የምትባል ከአየርላንድ የመጣች ልጅ ናት። ሹማምንቱ 10 ዶላር የሚያወጣ የወርቅ ሳንቲም ሰጧት፤ ዕለቱም 15ኛ ዓመት ልደቷ ነው ተባለ። ኋላ መዝገብ ያገላበጡ ሰዎች እንዳገኙት ግን ልጅቱ ያን ጊዜ 17 ዓመት ሞልቷት ነበር፤ ልደቷም ጃንዋሪ ላይ አይደለም። እንግዲህ በሩ በተከፈተ በመጀመሪያው ቀን፣ የመጀመሪያዋ ስደተኛ ጃንዋሪ 1 ተወለደች ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ የወርቁ ሳንቲም ቀርቷል፤ ልደቱ ግን ቀጥሏል።

በዚህ ዕለት በጅምላ የሚወለድ ሌላ ፍጡር ይኖር እንደሆነ ተፈልጎ አንድ ተገኝቷል። ቶሮብሬድ የሚባለው የእሽቅድምድም ፈረስ በሰሜኑ የዓለም ክፍል በየትኛውም ወር ቢወለድ ዕድሜው የሚቆጠረው ከጃንዋሪ 1 ነው። ከእኛ ደቡብ ምዕራብ፣ ሻኮፒ ውስጥ፣ ካንተርበሪ ፓርክ የሚሮጡት ቶሮብሬዶች ሁሉ ከአጥኚው ጋር በአንድ ቀን አንድ ዓመት ይጨምራሉ። ለፈረሶቹ የተሰጠው ምክንያት የሁለት ዓመቱን ከሦስት ዓመቱ ለይቶ ለማሰለፍ ይመቻል የሚል ነው። የእኛም ምክንያት ከዚህ ብዙ አይርቅም።

በስደተኞች ካምፕ የሚሞላው ፎርም ሦስት ሳጥኖች አሉት፤ ወር፣ ቀን፣ ዓመት። ባዶ ሳጥን ያለበት ፎርም ደግሞ ከጠረጴዛ አይነሳም። ካምፕ ውስጥ «መቼ ተወለድሽ?» የተባለች ሴት «በሰኔ ሚካኤል ማግስት፣ በሬያችን ገደል የገባ ዓመት» ብላ ትመልሳለች። መልሱ ከበቂ በላይ ነው፤ ወሩን፣ ቀኑን፣ የአየሩን ሁኔታና የቤተሰቡን ኪሣራ ይነግራል። አስተርጓሚው ግን ዓመቱን ብቻ ገምቶ ያቀብላል፣ ጸሐፊውም በቀሩት ሁለት ሳጥኖች አንድ አንድ ይጽፋል። በጳጉሜ የተወለዱት ዕጣ የባሰ ነው። ኮምፒዩተሩ ከ12 በላይ ወር አይቀበልም፤ ስለዚህ ጳጉሜ 3 ቀን፣ በሩፋኤል ዝናብ የተወለደ ሰው ከአገሩ በፊት ከወሩ ይሰደዳል።

ዓመቱም ቢሆን ሰላም የለውም። በ1952 ዓ.ም. የተወለደ አንድ ሰው ቁጥሩን ሳያሰላ እንዳለ አስመዘገበና በአንድ ፊርማ ከሰባት ዓመት በላይ አረጀ፤ ዛሬ እኩዮቹ ሌሊት ታክሲ ሲነዱ እሱ ጡረታ ይበላል። ሌላው ደግሞ አስተርጓሚው አንድ ጊዜ፣ ጸሐፊው አንድ ጊዜ ስምንት ስምንት ዓመት ጨምረውለት የታናሽ ወንድሙ ታናሽ ሆኗል። በበዓል ቀን ግን ታላቅነቱን አልለቀቀም፤ ዳቦውን የሚቆርሰው እሱ ነው።

የሶሻል ሴኩሪቲ መሥሪያ ቤት በዚህ ላይ የራሱን ጨምሯል። በሕጉ አንድ ሰው ዕድሜውን የሚሞላው ከልደቱ ቀን ዋዜማ ነው፤ ስለዚህ ጃንዋሪ 1 የተወለደ ሰው የጡረታ ጊዜውን ሲያይ በቀደመው ዓመት እንደተወለደ ሆኖ ይታሰባል። ዋዜማ የሚያከብር የመንግሥት መሥሪያ ቤት አጥኚው እስከ ዛሬ ይህን አንድ ብቻ ያውቃል።

ብዙ ነገር በአንድ ቀን ላይ መዋሉ ሁልጊዜ የጸሐፊ ሥራ ነው ማለት አይደለም። የኢጣሊያው የባዶሊዮ ጦር አዲስ አበባ የገባው ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው። ከተማዋ ከኢጣሊያ እጅ የወጣችው መጋቢት 28 ቀን 1933 ዓ.ም. ሲሆን ጃንሆይ ያን ጊዜ ገና ደብረ ማርቆስ ነበሩ። እንግሊዞች በከተማዋ ለቀሩት ኢጣሊያውያን ሰግተው ቆዩ ሲሏቸው፣ እሳቸውም ሲቆዩ፣ የገቡበት ቀን ሚያዝያ 27 ሆነ፤ ልክ በአምስተኛ ዓመቱ፣ አንድ ቀን ሳይጎድል ሳይተርፍ። አጋጣሚ ነው የሚል ሰው ጃንሆይን አያውቃቸውም። ደርግ በዓሉን ወደ መጋቢት 28 ወሰደው፣ ከደርግ በኋላ የመጡት መለሱት። ቀኑ በፈረንጅ ሜይ 5 ነው። በዚያ ቀን ሜክሲኮዎች በ1862 ፑዌብላ ላይ የፈረንሳይን ጦር ያሸነፉበትን ስለሚያከብሩ የሴንት ፖል ዌስት ሳይድ በጭፈራ ይደምቃል። አንድ አርበኛ አያት የነበረው የአጥኚው ወዳጅ በየዓመቱ እዚያ ሄዶ ታኮ ይበላል፤ ለማን እንደሚያከብር የጠየቀው ሰው እስካሁን የለም።

የፈረንጅ ቀን እንደሚንሸራተት ደግሞ አድዋ ምስክር ነው። ውጊያው የዋለበት የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ያን ጊዜ በነሱ ማርች 1 ነበር። እነሱ በ1900 ፌብሩዋሪን 29 ማድረጉን ስለተዉት ዛሬ የካቲት 23 የሚውለው ማርች 2 ላይ ነው። ጊዮርጊስ ግን ከ23 ንቅንቅ አላለም። ጃንዋሪ 1ም ብዙውን ጊዜ ታኅሣሥ 23 ስለሚሆን የጥናቱ ሕዝብ በሙሉ የጊዮርጊስ ልጅ ነው ወደሚል ድምዳሜ ተደርሶ ነበር፤ የአጥኚው እናት አፈረሱት።

«አንተን ለጊዮርጊስ ማን ሰጠህ?» አሉ። «ጃንሆይ በወረዱ በዓመቱ፣ በጥቅምት አቦ፣ ጎመን ስቀነጥስ ነው የመጣህ።»

ሲሰላ ጥቅምት 5 ቀን 1968፣ በፈረንጅ ኦክቶበር 16 ቀን 1975 ሆነ። አጥኚው መታወቂያውን ለማስተካከል ጠይቆ ነበር። የልደት ማስረጃ አምጣ ተባለ፤ ማስረጃውን ለማውጣት መታወቂያ ያስፈልጋል፤ መታወቂያው ላይ ያለው ጃንዋሪ 1 ነው። ጎመኑ በማስረጃነት አልተያዘም።

ባለፈው ወር አጥኚው እናቱን ሐኪም ዘንድ ይዞ ሄደ። የደም ግፊት የምትለካዋ ነርስ ጠና ያለች የሞንግ ሴት ናት፤ እንደ ወጉ የልደት ቀን ጠየቀች። እናቱ እንግሊዝኛ አይችሉም፤ ለዚህ ጥያቄ ግን አስተርጓሚ አይጠብቁም።

«ጃንዋሪ ዋን» አሉ።

ነርሷ ከኮምፒዩተሩ ቀና ብላ በጣቷ ደረቷን ነካች። «ሚ ቱ» አለች።

«ምን አለች?»

«እሷም እንደኛው ናት።»

እናቱ ሴትዮዋን ከእግር እስከ ራሷ አዩዋት። «በየት በኩል ነው የመጣችው?»

አጥኚው ጠይቆ «ከላኦስ፣ በታይላንድ በኩል» አላቸው።

«እኛ በገዳሪፍ በላት» አሉና እጅጌያቸውን ሰብስበው ክንዳቸውን ዘረጉላት።